አራት ዳውንቮት፣ ምክንያቱን የነገረኝ ግን የለም

ሰላም ለሁላችሁ። ከጎንደር ነኝ፣ ከአዘዞ። ኮድ የተማርኩት ብቻዬን፣ በአንድ አሮጌ ላፕቶፕ ነው።

ባለፈው ሳምንት በአንድ የፕሮግራመሮች የጥያቄና መልስ ገጽ ላይ አንድ ሰው የእኛን ቀን ወደ ፈረንጅ እንዴት እንደሚቀይር ጠየቀ። ደስ ብሎኝ መለስኩ። ይሄን እንኳ እናውቀዋለን! ባለ 30 ቀን 12 ወር፣ ጳጉሜን 5፣ በአራት ዓመት አንዴ ደግሞ 6። ኮዱንም ጨመርኩ። በነጋታው ሳየው ሦስት ዳውንቮት (መልሱ ጥሩ አይደለም የሚል ድምፅ)። አስተያየት የጻፈ የለም።

ኮዱን ደግሜ ሞከርኩት። መስከረም 1 ቀን 2016ን ሴፕቴምበር 12፣ 2023 ይላል። የ2017ቱን ደግሞ ሴፕቴምበር 11፣ 2024። ሁለቱም ልክ ነው። እንግሊዝኛዬንም አስተካከልኩ። ምክንያቱን እንዲነግሩኝ ከሥሩ ጻፍኩ። ዝም። ጭራሽ አራተኛ ተጨመረ።

ገጹ በአራቱ ዳውንቮት የቀነሰብኝ 8 ነጥብ አይደለም የሚቆጨኝ፤ አንድ አፕቮት (የድጋፍ ድምፅ) 10 ይመልሳል። የሚያንገበግበኝ፣ ስህተት ካለበት ያንን ኮድ እየወሰደ የሚሠራ ሰው መኖሩ ነው። ድምፁ ስም የለውም፤ ማንን እንደምጠይቅ አላውቅም።

መልሱ አሁንም እዚያው አለ። ሰርዤ እንደ አዲስ ልጻፈው ወይስ ስህተቱን የማገኝበት ሌላ መንገድ አለ?