ምጥ በመድኃኒት ሲመጣ የተማርነው ትንፋሽ ይሠራል ወይ?

ከቶሮንቶ የመጣችው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጠቅልለን ከገባን ሁለት ወር ሆነን፤ አራት ኪሎ ነው የተከራየነው። 39ኛ ሳምንቴን ይዣለሁ። ሐኪሜ 41 ከሞላኝ ምጡን በመድኃኒት እናስጀምራለን ብሎኛል። ከመምጣቴ በፊት የነፍሰ ጡሮች ትምህርት ተከታትዬ ትንፋሽ ተለማምጃለሁ፤ አሁን ግን ሰው ሁሉ «የመርፌ ምጥ ሌላ ነው» እያለ ያስፈራራኛል። እዚህ በዚህ መንገድ የወለደች አለች?

የካዛንቺሷ፦
እህቴ፣ ማርያም በሽልም ታውጣሽ። ለንደን 11 ዓመት ኖሬ ስመለስ የአምስት ወር እርጉዝ ነበርኩ። የወለድኩት እዚሁ መሀል ከተማ፣ የእስጢፋኖስ ቅዳሴ በሚሰማበት ክፍል ውስጥ ነው፤ ምጡም በመድኃኒት የመጣ ነበር። ትንፋሹ ይሠራል፤ እንደተማርነው ግን አይደለም።

ትምህርቱ የሚያስበው ምጥ ቀስ እያለ እንደሚጠነክር ነው። በየሃያ ደቂቃው አንዴ ይመጣል፣ አንቺ ቤትሽ ውስጥ እየተንጎራደድሽ ሻይ ትጠጫለሽ፣ ሰውነትሽም እየለመደው ይሄዳል። ግሉኮሱ ውስጥ ምጥ የሚያመጣው መድኃኒት፣ ኦክሲቶሲን፣ ሲገባ ግን ጊዜ አይሰጥሽም። የእኔ የማህፀን በር ገና ስላልተዘጋጀ ማታ ገብቼ በሩን የሚያለሰልስ መድኃኒት፣ ሚዞፕሮስቶል፣ ሰጡኝ፤ የወር አበባ ቁርጠት የመሰለ ነገር ሲነካካኝ አደረ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ግሉኮሱ ተሰቀለ፤ ሲስተሯ በየግማሽ ሰዓቱ ጠብታውን ከፍ ታደርጋለች። አምስት ሰዓት ላይ ከባለቤቴ ጋር ስለ ቤት ኪራይ እየተከራከርን ነበር። ስድስት ሰዓት ላይ በየሦስት ደቂቃው ይመጣል፣ አንዱም አንድ ደቂቃ ያህል ይቆያል።

ጥፋቴ ትንፋሹን «ሲብስብኝ እጀምራለሁ» ብዬ ማስቀመጤ ነው። ሲብስ የት ይገኛል! ቶሎ ቶሎ መተንፈስ ያዝኩ፤ ከንፈሬ ደነዘዘ፣ ጣቶቼን ወረረኝ፣ ልቤ ነው ብዬ ደነገጥኩ። አዋላጇ ግን ምንም አልመሰላት። «ካርቦን ዳይኦክሳይዱን አራግፈሽ ጨረስሽው እኮ፣ ቀስ ብለሽ አውጪ» አለችኝና ትከሻዬን ይዛ አብራኝ ተነፈሰች። ስለዚህ ገና ጠብታው ሲጀመር፣ ሳያምሽ፣ ከመጀመሪያዋ ጀምሮ ተንፍሺ። በአፍንጫ አራት እስኪቆጠር አስገቢ፣ በአፍ ስድስት እስኪቆጠር አውጪ፣ አገጭሽን አላልተሽ።

ባለቤቴ ለንደን እንደተማርነው በእንግሊዝኛ ሲቆጥርልኝ ልነክሰው ምንም አልቀረኝ። ያዳነችኝ እናቴ ናት። የሚፈቀደው አንድ ሰው ብቻ ስለነበር ተቀያይረው ገባች፤ መተንፈሻ ትምህርት የሚባል ሰምታ አታውቅም፤ ወገቤን እያሸች «ማርያም፣ ማርያም» ትላለች። አብሬያት ሳወጣ፣ «ማርያም»ን እስከ መጨረሻው ከጎተትሻት ልክ ስድስት ቁጥር ትሞላለች። አራት ማስገቢያ፣ ስድስት ማውጫ፣ አሥር ሴኮንድ ሆነ ማለት ነው። ስድስት ማርያም ደግሞ አንድ ምጥ። አራተኛዋ ላይ ዳገቱ ያልቅና ቁልቁለት ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ምጥ በመጣ ቁጥር ስንት እንደቀረኝ አውቅ ነበር፤ ሕመሙ ሳይቀንስ ፍርሃቱ ቀነሰልኝ።

ሆኖም ትንፋሽ የማይፈታው ነገር አለ። በሁለት ምጥ መካከል ማረፊያ ከጠፋ ጥፋቱ የአንቺ አተነፋፈስ አይደለም። በ10 ደቂቃ ውስጥ ከ5 በላይ የሚመጣ ከሆነ ጠብታው መቀነስ ወይም መቆም አለበት፤ ለልጁም አይበጅም። «ሲስተር፣ ማረፊያ አጣሁ» በይ። እኛ ሴቶች ጨዋ ሴት ጥርሷን ነክሳ ትወልዳለች እየተባለ ነው ያደግነው፤ እዚያ ሰዓት ላይ ያ ጨዋነት ይቅር።

የልጁን ልብ ምት የሚከታተለው መቀነት ሆድሽ ላይ ይታሰራል፤ እሱ ማለት ግን ተኝተሽ ዋይ ማለት አይደለም። ጠይቄ ቆምኩ፣ አልጋውን ተደግፌ ወገቤን አወዛወዝኩ። ለንደን ለሕመም ማስታገሻ በጭምብል የሚሳበው ጋዝ እኔ የወለድኩበት ቦታ አልነበረም። ኢፒዱራል (ወገብ ላይ የሚሰጠውን የሕመም ማደንዘዣ) የምትፈልጊ ከሆነ የማደንዘዣ ሐኪሙ በዚያ ሰዓት መኖሩን፣ ዋጋውንም፣ ዛሬውኑ ጠይቂ። ባልሽ መግባት ይችል እንደሆነም እንዲሁ፤ አልጋው በመጋረጃ ብቻ የተለየ ከሆነ ወንድ አያስገቡ ይሆናል።

መጨረሻ ላይ «አምጪ! አምጪ!» ይሉሻል። እኔ አማርኛዬ ዝጎ ኖሮ «ምን ላምጣ?» ብዬ ክፍሉን አሳቅኩት። ጭንቅላቱ ብቅ ሲል ደግሞ «አታምጪ!» ይመጣል። ያኔ ስድስቱን ማርያም ተዪውና አፍሽን ከፍተሽ ሃ-ሃ-ሃ በይ፤ እንዳትቀደጂ ቀስ ብሎ እንዲወጣ ነው። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ እልል ተባለ።

ከለገሃር፦
የእኔ ከ18 ሰዓት በኋላ በኦፕራሲዮን ነው ያለቀው። ትንፋሹን ለፋሁበትና ከንቱ ቀረ ብዬ ነበር፤ ግን ለማደንዘዣው ወገቤን ሲወጉኝ ሳልንቀሳቀስ እንድቀመጥ የረዳኝ እሱ ነው። ሽርት ውሃሽን ሲያፈሱልሽም ያስፈልግሻል፤ ብዙ ባያምም ያስደነግጣል።

ከቶሮንቶ የመጣችው፦
እግዜር ይስጥልኝ እህቶቼ። እናቴ አዋሳ ናት፤ ነገ ደውዬ ቀደም ብላ እንድትመጣ እነግራታለሁ። ባለቤቴ እዚያው ቶሮንቶ ተወልዶ ያደገ ነው፤ በአማርኛ ሲቆጥር ሰባት ላይ ይደናቀፋል። ስድስት ከበቃ ግን ችግር የለም።