«ሁሉም ይተዋወቃል» እና የሦስት ጊዜ ስርቆት

ሌሊት ዘብ፦
ትናንት ስብሰባ ላይ አንድ ኃላፊ የተናገሩት አሁንም ጆሮዬ ላይ ነው። «ከተማችን ትንሽ ናት። ሁሉም ይተዋወቃል። ፖሊስ ይጨመር ከማለት ጎረቤት ጎረቤቱን ይጠብቅ» አሉ። ሰውም አጨበጨበ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ዘንድሮ ሦስት ጊዜ ተሰርቋል። እሱም አጨበጨበ! ሁሉም የሚተዋወቅ ከሆነ ሌባውን እንዴት አጣነው?

የገጠር ሰው፦
ይሄ ምን ያናድዳል? ትክክል ናቸው እኮ። ትልቅ ከተማ ውስጥ በር ሲሰበር ያየ ሰው «ባለቤቱ ይሆናል» ብሎ ያልፋል። እዚህ ግን እንግዳ ሰው ገና ከመኪና ሲወርድ ስንት ዓይን ያርፍበታል። እንግሊዝ ውስጥ የመጀመሪያው የሰፈር ጥበቃ ቡድን የተቋቋመው ለንደን መሰላችሁ? እ.ኤ.አ. በ1982 ሞሊንግተን በምትባል የቼሻየር መንደር ነው።

ጠያቂዋ፦
«እንግዳ ሰው» አልክ። ሌባ እንግዳ ነው ያለህ ማነው? ቁልፉ የት እንደሚቀመጥ፣ ውሻው መቼ እንደሚታሰር ያወቀው እንግዳ ነው?

ሌሊት ዘብ፦
አሃ! ሌባውም ይተዋወቃል ማለት ነዋ።

የገጠር ሰው፦
ቃል አትሰንጥቁ። ሰውዬው ሊሉ የፈለጉት ግልጽ ነው።

ጠያቂዋ፦
ችግሩ ያለው እዚያ ቃል ውስጥ ነው። ማየትማ ሁሉም ያያል። ምስክር ሁን ሲባል ግን «እኔ አልነበርኩም» ይላል። የሌባውን ስም የጠራ ሰው ከሌባው እናት ጋር ዕድሜ ልኩን ፊት ለፊት ይገናኛላ! ትልቅ ከተማ ሰው የማያወራው ስለማይተዋወቅ ነው። እኛ የማናወራው ስለምንተዋወቅ ነው።

የፖሊስ ወንድም፦
ወንድሜ ፖሊስ ስለሆነ አድሏል በሉኝ፣ ግድ የለኝም። ሁለት ሆነው ያን ሁሉ ገጠር ይሸፍናሉ። አንዱ ጋ ሲደርሱ ሌላው ጋ ተሰርቋል። ከዚያ «ፖሊስ የት ነበር?» ትላላችሁ። መኪና ስጧቸውና ሌሊቱን ይዙሩ። አለቀ።

አንባቢው፦
አላለቀም። እ.ኤ.አ. በ1972 እና 73 አሜሪካ ውስጥ ካንሳስ ሲቲ ላይ ይሄው ተሞክሯል። በአንዳንድ ቀጠና የመኪና ቅኝቱን አስቀሩት፣ በአንዳንዱ ሁለትና ሦስት እጥፍ አደረጉት፣ ሌላውን እንደነበረ ተዉት። ወንጀሉ ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም። ነዋሪውም ልዩነቱን ልብ አላለውም።

የፖሊስ ወንድም፦
ካንሳስ ሲቲ ትንሽ የገጠር ከተማ ናት?

አንባቢው፦
አይደለችም። ግን መኪና ተጨመረ ማለት ወንጀል ቀነሰ ማለት አይደለም። እዚያው አሜሪካ፣ ኒውዋርክ ላይ ደግሞ ፖሊስ በእግሩ እንዲዞር ተደረገ። ወንጀሉ አልቀነሰም፣ የሰው ፍርሃት ግን ቀነሰ።

ሌሊት ዘብ፦
እየተሰረቅን አንፈራም ማለት ነው። ተመስገን!

ጠያቂዋ፦
እኔ የጃፓኑን እመርጣለሁ። ገጠር ውስጥ ቹዛይሾ የሚባል ጣቢያ አላቸው። ፖሊሱ ከነቤተሰቡ እዚያው ይኖራል። እሱ ወጣ ሲል ሚስቱ ባለጉዳይ ተቀብላ ታናግራለች።

የፖሊስ ወንድም፦
ወንድሜ እዚያው ቢኖር ደግሞ በሁለተኛው ዓመት «የእነእገሌ ወዳጅ ሆነ» ትሉታላችሁ። ሌላ ቦታ ቢኖር «አያውቀንም» ትሉታላችሁ። ምን ይሁንላችሁ?

የገጠር ሰው፦
ለዚህ ነው ሕዝቡ ይጠብቅ የምለው። የእንግሊዙ ሚኒስትር ሮበርት ፒል ራሱ እ.ኤ.አ. በ1829 «ፖሊስ ሕዝብ ነው፣ ሕዝብም ፖሊስ ነው» ብሎ ጽፏል።

አንባቢው፦
በ1829 የለንደን ፖሊስን አቋቋመ። በፒል ስም የሚጠሩትን መርሆች በዚያ መልክ የጻፋቸው ግን በ20ኛው ክፍለ ዘመን የኖረ የፖሊስ ታሪክ ጸሐፊ ነው።

የገጠር ሰው፦
አሁን እሱን ማን ጠየቀህ?

አንባቢው፦
አንተ ነህ የጠቀስከው!

ሌሊት ዘብ፦
ሁለታችሁም ተዉት። ሕዝቡ ይጠብቅ ስትሉ ሳንፎርድን አስታውሱ። ፍሎሪዳ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ2012፣ በጎ ፈቃደኛ የሰፈር ጠባቂ ትሬቮን ማርቲንን በጥይት ገደለው። ልጁ 17 ዓመቱ ነበር፣ መሣሪያም አልያዘም። ጠባቂው «አጠራጣሪ ሰው አየሁ» ብሎ ነው የጀመረው። በማግስቱ ዓመት ፍርድ ቤት በነፃ አሰናበተው። ሁሉም በሚተዋወቅበት ቦታ ያልታወቀ ሰው ምን እንደሚደርስበት እዩ።

የገጠር ሰው፦
እኛ ጠመንጃ ያዙ አላልንም። ፊሽካና ባትሪ ነው ያልነው። ለነገሩ አንተ ተረኛ ሆነህ ትወጣለህ?

ሌሊት ዘብ፦
ወገቤን ያመኛል።

የፖሊስ ወንድም፦
😂 ስምህ ግን «ሌሊት ዘብ» ነው።

ጠያቂዋ፦
ወደ ሦስት ጊዜ የተሰረቀው ሰውዬ እንመለስ። አንዴ የተሰረቀ ቤት ካልተሰረቀው ይልቅ ዳግም የመሰረቅ ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። እንግሊዝ፣ ሮችዴል ውስጥ ኪርክሆልት በሚባል መንደር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ከዚህ ተነሡ። ከተማውን ሁሉ ከመዞር የተሰረቀውን ቤት አጠነከሩ። በዙሪያው ያሉትን ጥቂት ጎረቤቶች ብቻ ዓይናቸውን እንዲጥሉበት ጠየቁ። ሌባ የሚጓጓላቸውን፣ ሳንቲም የሚጠራቀምባቸውን የመብራትና የጋዝ ቆጣሪዎችም አነሡ። የቤት ስርቆቱ በጣም ቀነሰ። እኛ ግን ሰውዬውን አስጨብጭበን ወደ ቤቱ ላክነው።

ዝምተኛው፦
ያ ሰውዬ እኔ ነኝ።

ሌሊት ዘብ፦
ውይ! ጋሼ፣ ይቅርታ። ግን ለምን አጨበጨቡ?

ዝምተኛው፦
ከኋላዬ ማን እንደተቀመጠ አላየህም?

የገጠር ሰው፦
ካወቁት ስሙን ይጥሩዋ!

ዝምተኛው፦
አንተ ጥራልኝ። አብራችሁ ነው የገባችሁት።