በ40 ዶላር የገዛሁት ወንበር እውነት የቪክቶሪያ ዘመን ነው?

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ሜሪላንድ አንዲት እናት አርፈው ልጆቻቸው የቤቱን ዕቃ ሲሸጡ አንድ የሳሎን ወንበር በ40 ዶላር ገዛሁ። ሻጯ «የቪክቶሪያ ዘመን ነው» አለችኝ። እንጨቱ ጠቆር ያለ ነው። መደገፊያው አናት ላይ የወይን ዘለላ ተቀርጿል። የፊት እግሮቹ ጎበጥ ያሉ ናቸው፤ ጫፋቸው ላይ ነጭ የሸክላ ጎማ አላቸው። ቀዩ ከፋይ ተቀዷል፤ ስቀመጥበት ወደ ውስጥ ይውጠኛል። አንዱ የኋላ እግር ይነቃነቃል። ባለቤቴ «በቪት ጥርቅም አድርጌ ነጭ ቀለም ልቀባው» ብሎ ቀለሙን ገዝቶ መጥቷል። ምን ትላላችሁ?

ሞላ አሳሪው፦ እህቴ፣ ቀለሙን ደብቂበት! የወንበር ልብስ ስቀይር 14 ዓመቴ ነው። መጀመሪያ ገልብጪው፤ ዕድሜው የሚታወቀው ከሥር ነው። የቪቶቹን ራስ እዪ። የመስቀል ቅርጽ ካለው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ1930ዎቹ ወዲህ የገባ ነው፤ የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ደግሞ በ1901 አብቅቷል። የወይን ዘለላና ጎበጥ ያለ እግር ሮኮኮ ሪቫይቫል የሚሉት ፋሽን ነው። አሜሪካ ውስጥ በ1850ዎቹና በ60ዎቹ ገንኖ ነበር። ግን በኋላም አስመስለው ብዙ ሠርተዋል፤ ቅርጹን ብቻ አትመኚ።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦ ገለበጥኩት። ባለ መስቀል ቪት ሁለት ብቻ ነው ያገኘሁት። የሚነቃነቀው እግር ላይ ቁራጭ ብረት ይዘዋል። ሌሎቹ ባለ አንድ መስመር ናቸው። ከጆንያው ውስጥ ጥቁር ጥምዝምዝ ያለ ፀጉር ወጣ፤ ልጄ «የሞተ እንስሳ!» ብላ ጮኸች።

ሞላ አሳሪው፦ ያቺ ብረት የቀደመ ሰው ጥገና ናት፤ ስለዚህ ባለ መስቀሎቹ ቪቶች የወንበሩን ዕድሜ አይናገሩም። ባለቤትሽ ያሰበውን ሌላ ባል ቀድሞት ሞክሯል፤ ይኸው ዛሬም ይነቃነቃል። ፀጉሩ የፈረስ ጭራ ነው፣ እንዳትጥዪው! ማስክ አድርገሽ አራግፊው፣ በለብታ ውሃና ሳሙና እጠቢው፣ ሲደርቅ ተመልሶ ይገባል።

እግሩ የላላው የድሮው ኮላ ስለደረቀ ነው። ኮላው ከከብት ቆዳ ተፈልቶ የሚወጣ ነው፤ ሙቅ ውሃ ይፈታዋል። መገጣጠሚያውን አላቅቂው፣ አሮጌውን አጽጂ፣ ያንኑ የቆዳ ኮላ ቀቢበትና በሞርሳ አጥብቀሽ አንድ ቀን ተዪው። ነጩን ኮላ በአሮጌው ላይ ብትደርቢ አይዝም። እንጨቱንም በብርጭቆ ወረቀት እንዳትፍቂው። በጥጥ አልኮል ነክረሽ የማይታይ ቦታ ላይ ነካ አድርጊ፤ ለስልሶ ካጣበቀ ሼላክ የሚባለው የድሮ ቫርኒሽ ነው፣ በዚያው በሼላክ ይታደሳል። ሞላዎቹን ግን ለባለሙያ ስጪ። እያንዳንዱ በሲባጎ በስምንት አቅጣጫ ነው የሚታሰረው። እኔ ለመልመድ አንድ ዓመት ፈጅቶብኛል።

ቡና አፍሊ፦ ነጩን ቀለም ምን ልታደርጉት ነው? የኔ አጥር ይፈልገዋል።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦ ባለቤቴ አኩርፏል፤ ሲታረቀኝ እነግርሻለሁ። ብረቷን ግን ራሱ ነው የፈታት።