አስቸኳይ፦ ወንድሜ ከሩጫ ገብቶ ዞረበት፣ ምን ላድርግለት? (ድሬዳዋ)

የሳቢያኗ፦ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ታናሽ ወንድሜ ከረፋዱ 4 ሰዓት ጀምሮ ሲሮጥ ቆይቶ አሁን ገባ። ራሱን ያመዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ባቱን ያሸማቅቀዋል። ውሃ እንኳን አልጎደለበትም፣ ትልቁን ሃይላንድ ጨርሶታል። ሌላ ልጨምርለት ወይስ ይተኛ?

ከዚራ 01፦ አቦ፣ ድሬ ላይ በዚህ ሰዓት የሚሮጥ ወይ ሌባ ነው ወይ የተሰረቀበት 😂 ውሃ ስጪው።

ጋሽ ስፖርት፦ ልጆቼ፣ ሩጫ ሥርዓት አለው። እኛ ጎህ ሳይቀድ ደቻቱ አሸዋው ላይ ሮጠን ፀሐይ ሳትወጣ ቤታችን ነበርን። ከደጋ የመጣ ሰው ደግሞ ሰውነቱ ሙቀቱን እስኪለምድ 1 ወይም 2 ሳምንት ቀስ እያለ ነው የሚጀምረው። የዛሬ ልጅ ግን ማን ይሰማል...

የሳቢያኗ፦ ጋሼ፣ የታመመው አሁን ነው! ትናንት ነው ከአዲስ አበባ የመጣው።

ጋሽ ስፖርት፦ ይኸው! አልኩ አይደል?

እማማ ሐረር፦ ምች ነው ልጄ። ዳማከሴ ጨምቀሽ አሽትችው።

ተረኛ ነርስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ አናግሪው። የት እንዳለ ያውቃል? በትክክል ይመልሳል?

የሚመልስ ከሆነ ጥላ ውስጥ አስተኝተሽ እግሩን ከፍ አድርጊለት። ሸሚዙን አውልቂ፣ ሰውነቱን በውሃ አርጥበሽ ቬንትሌተር ክፈችበት። ኦአርኤስ ካለ በፓኬቱ ላይ እንደተጻፈው በጥብጪለት። ከሌለ 1 ሊትር ንጹህ ውሃ፣ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ማንኪያው አይቆለል። እየተጎነጨ ይጠጣ።

ከዘባረቀ፣ ራሱን ከሳተ ወይም ካንቀጠቀጠው ግን በአፉ ምንም አትስጪ። 907 ደውሉ፣ አምቡላንሱ እስኪደርስም ቀዝቃዛ ውሃ ሳታቋርጡ አፍስሱበት። የሰውነት ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ አእምሮን ይጎዳል። «ያልበዋል፣ ስለዚህ ደህና ነው» እንዳትሉ፣ እያላባቸውም የሚወድቁ አሉ። ፓራሲታሞል ለዚህ አይሠራም።

ከዚራ 01፦ ያልኩትን ነው ያለችው። ውሃ።

ሚዛን፦ አይደለም ያልከው። «ትልቁን ሃይላንድ ጠጥቷል» ማለትም ውሃ አልጎደለበትም ማለት አይደለም፣ ላቡ ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል። በተቃራኒው ባዶ ውሃ ያለልክ መጠጣት የደሙን ጨው ያቀጥነዋል፣ ያኔም ራስ ያማል፣ ያቅለሸልሻል። ከሩጫ በፊትና በኋላ የሚመዘን ሰው አይቸገርም፦ 1 ኪሎ ከቀነሰ ወደ 1 ሊትር ላብ ወጥቷል። ከጨመረ ግን ውሃ አበዛ ማለት ነው።

የሳቢያኗ፦ ሚዛን የት አለኝ? ስሙንም የእኔንም ያውቃል፣ እንደውም እየተሳደበ ነው። ሸንቱ ሻይ መስሏል። የቤት ጨው ይሆናል?

ተረኛ ነርስ፦ ይሆናል። ሸንቱ ከጠቆረ ውሃ አጥሮት ሊሆን ይችላል። በግማሽ ሰዓት ካልተሻለው ወይም ካስመለሰው ጤና ጣቢያ ውሰጅው። ዛሬና ነገ ሩጫ የለም።

ገንደ ቆሬ፦ ጫት ቅሞ ነበር እንዴ? የሰውነት ሙቀት ይጨምራል እኮ።

የሳቢያኗ፦ ኧረ አይቅምም! መጣሁ፣ እየበጠበጥኩ ነው።

የጀጎል ልጅ፦ የደንገጎን ዳገት ወጥቶ ሐረር ቢሮጥ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ከዚራ 01፦ ሐረር ፀሐይ የለም እንዴ አቦ?

የጀጎል ልጅ፦ አለ፣ ግን ጨዋ ነው።