አምስት ልዩ ኤጀንቶች ለየብቻ ጥሩ ይሰራሉ፣ ሲገጣጠም ግን አይሆንም፤ ስራውን እንዴት ታከፋፍላላችሁ?

ፈትል፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጃንጎ ባክኤንድ (የሰርቨሩ ወገን) እና ሪአክት ፍሮንትኤንድ (ተጠቃሚው የሚያየው ወገን) በአንድ ሪፖዚተሪ (የኮድ ማከማቻ) ውስጥ ያሉበት ፕሮጀክት ነው። አንድ ዋና የኤአይ ኤጀንት (ፋይል እያነበበና ትዕዛዝ እያስኪደ ስራ የሚሰራ ፕሮግራም) አለ፤ ከስሩ አምስት ልዩ ኤጀንቶች፦ ዕቅድ አውጪ፣ ባክኤንድ ሰሪ፣ ፍሮንትኤንድ ሰሪ፣ ቴስት ጸሐፊ እና ኮድ ገምጋሚ። እያንዳንዱ የራሱ ፕሮምፕት (የተጻፈ መመሪያ) አለው። የሚደጋገሙት ችግሮች እነዚህ ናቸው፦

- ዋናው ኤጀንት ለሌላው ማስተላለፍ ያለበትን ስራ ራሱ ይጀምረዋል።
- ባክኤንዱ የሚልከውና ፍሮንትኤንዱ የሚጠብቀው ዳታ ቅርጹ አይገጥምም።
- ቴስት ሲወድቅ ኮዱ ሳይነካ ቴስቱ ይላላል፤ አንዳንዴም «ይዘለል» የሚል ምልክት ይደረግበታል።
- ገምጋሚው ሁሉንም «ጥሩ ነው» ብሎ ያሳልፋል።
- የቶክን (ሞዴሉ የሚያነበውና የሚጽፈው የጽሑፍ ቁራጭ) ፍጆታው አንድ ኤጀንት ብቻውን ሲሰራ ከሚፈጀው በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

የተሳሳተው ክፍፍሉ ነው ወይስ ፕሮምፕቶቹ? ኤጀንቶቹን ጎን ለጎን ማሰራትስ ይቻላል?

ድርና_ማግ፦

ክፍፍሉ ነው። አምስቱ ስሞች የአንድ መስሪያ ቤት የስራ መደቦች ናቸው። ሰዎች በሙያ የሚከፋፈሉት አንዱ ሰው ሁሉንም ስለማይችል ነው፤ እዚህ ግን አምስቱም ከስር ያው ሞዴል ናቸው። «አንተ የባክኤንድ ባለሙያ ነህ» ስለተባለ ሞዴሉ ከዚያ በፊት የማያውቀውን ጃንጎ አያውቅም። ንዑስ ኤጀንት በእርግጥ የሚሰጠው ጥቅም ሦስት ነገር ነው፦ የራሱ ኮንቴክስት (ሞዴሉ በአንድ ጊዜ ከፊቱ የሚይዘው ጽሑፍ)፣ የራሱ የመሳሪያ ፈቃድ፣ ከተፈለገም የራሱ ርካሽ ሞዴል። ስራ ከማስተላለፋችሁ በፊት የሚጠየቀው «ይህ ብዙ አንብቦ ጥቂት የሚመልስ ስራ ነው ወይ?» የሚለው ነው።

ምክንያቱ አሰራሩ ላይ አለ። ንዑስ ኤጀንቱ ሲጠራ እናንተ ከዋናው ጋር ያደረጋችሁትን ንግግር አያይም። የሚያየው የራሱን ፕሮምፕት፣ መሳሪያው የሚጭንለት ከሆነ የፕሮጀክቱን መመሪያ ፋይል፣ ከዚያ ዋናው ኤጀንት የጻፈለትን ትዕዛዝ ነው። ሲጨርስም ያገላበጣቸው ፋይሎችና ሞክሮ የተዋቸው መንገዶች አብረውት ይጠፋሉ፤ ወደ ዋናው የሚመለሰው የመጨረሻ መልእክቱ ብቻ ነው። ለፍለጋ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። 40 ፋይል አንብቦ «ክፍያው የሚሰላው በዚህ ፋይል፣ በዚህ መስመር ነው» ይላችኋል፤ የዋናው ኮንቴክስት አይቆሽሽም። ረጅም ሎግ ማንበብ፣ ቴስት አስኪዶ የወደቁትን ብቻ መዘርዘር፣ የላይብረሪ ሰነድ ማገላበጥ፣ ግምገማ፣ እነዚህ ሁሉ ያለ ስጋት ይተላለፋሉ።

ኮድ መጻፍ ላይ ግን ጥቅሙ ወደ ጉዳት ይገለበጣል፤ እያንዳንዱ መስመር ማንም ያልተናገረው ውሳኔ አለበትና። ባክኤንድ ሰሪው ቀኑን በአይኤስኦ 8601 ጽሑፍ ይልካል፤ ፍሮንትኤንድ ሰሪው ከ1970 ጀምሮ በሰከንድ የተቆጠረ ቁጥር ይጠብቃል። አንዱ የገጽ ቁጥር ከ0 ይጀምራል፣ ሌላው ከ1። አንዱ ባዶ ዋጋን «ነል» ብሎ ይልካል፣ ሌላው ፊልዱ ጭራሽ እንደማይመጣ ያስባል። ሁለቱም የየራሳቸውን ቴስት ያልፋሉ፤ ሲገናኙ ይሰበራሉ። ስለዚህ ሁለቱንም ወገን የሚነካ ፊቸር ለአንድ እጅ ይሰጥ። መለየት ግድ ከሆነ መጀመሪያ የኦፕንኤፒአይ ፋይሉ (ባክኤንዱ የሚልከውን ዳታ ቅርጽ የሚዘረዝረው) ይጻፍ፣ የታይፕስክሪፕት ታይፖቹ ከእሱ ይመንጩ፣ ሁለቱም ኤጀንቶች ፋይሉን ያንብቡት እንጂ አይቀይሩት። ያኔ አለመግጠሙን ታይፕ ቼከሩ (የዳታ ዓይነቶችን የሚፈትሸው ፕሮግራም) ይናገራል።

ሌላው ትዕዛዙ ነው። ዋናው ኤጀንት ካልተነገረው «የትዕዛዞችን ዝርዝር አስተካክል» ብሎ አንድ መስመር ይልካል። ሁልጊዜ በዚህ ቅርጽ እንዲጽፍ አድርጉት፦

> ግብ፦ የትዕዛዞች ዝርዝር በገጽ ተከፋፍሎ ይመለስ፤ በገጽ 50፣ ቁጥሩ ከ1 ይጀምራል።
> የሚነካ፦ በኦርደርስ አፕ ውስጥ ያሉት የቪውስ እና የሲሪያላይዘርስ ፋይሎች ብቻ።
> የማይነካ፦ ማይግሬሽን፣ ሴቲንግስ፣ ቴስቶች፣ የኦፕንኤፒአይ ፋይል።
> የተቆረጠ ውሳኔ፦ የጃንጎ ሬስት ፍሬምወርክ የራሱ ፔጂኔሽን ይሁን፤ አዲስ ላይብረሪ አይጨመርም።
> ማረጋገጫ፦ የኦርደርስ ቴስቶች በፓይቴስት ይሂዱ፤ የመውጫ ኮዱ 0 ይሁን።
> ማቆሚያ፦ አንድ ስህተት ሁለቴ ከተደገመ ወይም የተከለከለ ፋይል መንካት ካስፈለገ፣ አቁምና ምክንያቱን መልስ።
> መልስ፦ ከ15 መስመር ያልበለጠ፤ የተቀየሩ ፋይሎች፣ ትዕዛዙ ሳይነግርህ አንተ የወሰንከው ነገር፣ ሳይሰራ የቀረ።

«ሳይነግርህ አንተ የወሰንከው» የምትለው ሐረግ ከሁሉም በላይ ታግዛለች። የጠፋው ውሳኔ ወደ ዋናው የሚመለስባት ብቸኛ በር እሷ ናት። «ማቆሚያ» የሚለው ከሌለ ደግሞ ኤጀንቱ የማይሰራውን ነገር እየዞረበት ኮንቴክስቱን ይጨርሳል፤ በመጨረሻም ግማሹን ሰርቶ «ጨርሻለሁ» ይላል።

ጥቁር_ተርሚናል፦

ድርና_ማግ ያልነካቸውን ሁለቱን ልጨምር።

ዋናው ኤጀንት የማያስተላልፈው መግለጫው ስለማይነግረው ነው። ክሎድ ኮድን ብንወስድ፣ እያንዳንዱ ንዑስ ኤጀንት አንድ የማርክዳውን ፋይል ነው፤ ከላዩ ስም፣ መግለጫ፣ የመሳሪያ ዝርዝርና ሞዴል ይጻፍበታል። ዋናው ኤጀንት ማንን እንደሚጠራ የሚመርጠው መግለጫውን አይቶ ነው። «የኮድ ፍለጋ ባለሙያ» ምንም አይነግረውም። «አንድ ነገር የት እንደተጻፈ ሳይታወቅና ከ3 በላይ ፋይል መክፈት ሲያስፈልግ ተጠቀምበት፤ የፋይሉ ስም ከታወቀ አትጥራው» ቢባል ይሰራል። መቼ እንደማይጠራ መጻፉ መቼ እንደሚጠራ ከመጻፉ እኩል ያስፈልጋል፤ አለዚያ ለሁለት መስመር ለውጥም ኤጀንት ይጠራል። የሁለት ኤጀንቶች መግለጫ ከተደራረበ ምርጫው የዕድል ነገር ይሆናል።

የመሳሪያ ዝርዝሩን ባዶ አትተዉት። ከተተወ ንዑስ ኤጀንቱ የዋናውን መሳሪያዎች በሙሉ ይወርሳል፤ «አንብብ ብቻ» የተባለው ገምጋሚ ኮድ ሲቀይር የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ለገምጋሚ ማንበቢያና መፈለጊያ ይበቃዋል። ባሽ (የተርሚናል ትዕዛዝ ማስኪጃ) ከተሰጠው ግን ማረሚያውን መከልከሉ ትርጉም የለውም፤ በሴድ (ፋይል በሚቀይር ትዕዛዝ) ወይም ውጤትን ወደ ፋይል በማዞር ይጽፋል። ዲፉን (የተቀየሩትን መስመሮች ዝርዝር) ዋናው ኤጀንት አውጥቶ ቢሰጠው ባሽ አያስፈልገውም። በነገራችን ላይ ከኢንተርኔት ገጽ የሚያነብ ኤጀንት መጻፊያም ሆነ የይለፍ ቁልፎች ያሉበትን ፋይል ማግኘት የለበትም። ገጹ ውስጥ የተደበቀ ትዕዛዝ እንደ እናንተ ትዕዛዝ ሊቆጥረው ይችላል።

ቴስት ማላላቱ ተንኮል አይደለም። ግቡ «ቴስቱ ይለፍ» ከሆነ አጭሩ መንገድ ቴስቱን መቀየር ነው። «እባክህ አታላላ» የሚል ፕሮምፕት ለጊዜው ይረዳል እንጂ አይዘጋውም። የሚዘጋው ቅደም ተከተሉ ነው፦

1. ቴስት ጸሐፊው ቴስቱን ይጽፋል፤ ከቴስት ፎልደር ውጭ መጻፍ አይችልም።
2. ቴስቱ ይሮጣል፣ መውደቅም አለበት። ኮዱ ሳይኖር የሚያልፍ ቴስት ምንም አይፈትንም። የወደቀበት ምክንያትም ይታይ፤ በኢምፖርት ስህተት የወደቀ አይቆጠርም።
3. ቴስቱ ኮሚት ይደረጋል (የኮድ ለውጥ በሚመዘግበው ፕሮግራም፣ በጊት፣ ይመዘገባል)።
4. ኮድ ሰሪው ይጀምራል፤ የቴስት ፎልደሩ ተቆልፎበታል።

ቁልፉ ፕሮምፕት ሳይሆን ስክሪፕት ይሁን፦ ፋይል ከመቀየሩ በፊት የሚነሳ ሁክ የፋይሉን አድራሻ አይቶ ይከልክል። ባሽ ይህንንም ስለሚያልፈው፣ መጨረሻ ላይ ሲአይ (ኮድ ሲገባ ፍተሻዎችን በራሱ የሚያስኪደው ሲስተም) ከደረጃ 3 ኮሚት ወዲህ የቴስት ፎልደሩ ዲፍ ባዶ መሆኑን ይፈትሽ።

ሴሚኮለን፦

ጎን ለጎን ስለማሰራት፦ ይቻላል፣ ግን በአንድ ፎልደር ውስጥ አይሆንም። አንዱ ያነበበውን ፋይል ሌላው ከስሩ ይቀይርበታል፤ አንዱ ቴስት ሲያስኪድ የሌላውን ግማሽ ስራ ይፈትናል፤ ከዚያ ያልሰራውን ስህተት «ማስተካከል» ይጀምራል።

መፍትሔው የጊት ወርክትሪ ነው። ከጊት 2.5 ጀምሮ አለ። ለእያንዳንዱ ኤጀንት የራሱ ፎልደርና የራሱ ብራንች (የስራ ቅርንጫፍ) ይሰጠዋል፤ ታሪኩ ግን የጋራ ነው። አንድ ብራንች በአንድ ጊዜ በሁለት ወርክትሪ አይከፈትም፤ ጊት ይከለክላል፣ ደግሞም ጥሩ ነው። ሰው የሚጠለፍባቸው እነዚህ ናቸው፦

ጊት የማይከታተላቸው ፋይሎች ወደ አዲሱ ወርክትሪ አይመጡም። የኢንቫይሮንመንት ፋይሉ፣ የኖድ ሞጁሎች ፎልደር፣ የፓይተን ቨርቹዋል ኢንቫይሮንመንት፣ ሁሉም እንደገና ይዘጋጃሉ። ይህን የሚሰራ ስክሪፕት ቀድማችሁ ካልጻፋችሁ እያንዳንዱ ኤጀንት በራሱ መንገድ «ይጠግነዋል»።

ወርክትሪ ፋይል ይለያል እንጂ ፖርትና ዳታቤዝ አይለይም። ሁለት ኤጀንቶች ፖርት 8000 ላይ ሰርቨር ካስነሱ የሁለተኛው አይነሳም፤ የባሰው ደግሞ የመጀመሪያውን ሰርቨር እየጠየቀ የራሱ ኮድ የሰራ ሊመስለው ይችላል። ለየወርክትሪው የተለየ ፖርትና የተለየ የዳታቤዝ ስም ስጡ።

ጃንጎ ላይ የሚበዛው የማይግሬሽን (የዳታቤዙን ቅርጽ የሚቀይሩ ባለ ቁጥር ፋይሎች) ግጭት ነው። ሁለቱም ኤጀንቶች ከ0041 ተነስተው የየራሳቸውን 0042 ይፈጥራሉ። የፋይል ስማቸው ስለሚለያይ ጊት ያለ ግጭት መርጅ ያደርጋቸዋል (ያዋህዳቸዋል)፤ ጃንጎ ግን ሁለት የመጨረሻ ማይግሬሽን አይቶ ይቆማል። በሜክማይግሬሽንስ የመርጅ አማራጭ ይፈታል፤ ሁለቱ አንድ ፊልድ ከነኩ ግን አይበቃም። ከመጀመሪያው ማይግሬሽንና የፓኬጅ ሎክ ፋይሎችን (የላይብረሪዎቹን ስሪት የሚቆልፉትን) አንድ ኤጀንት ብቻ ይንካቸው፤ ሌሎቹ ካስፈለጋቸው አቁመው ይጠይቁ።

መርጁም አንድ በአንድ ነው፤ ከእያንዳንዱ በኋላ ሙሉው ቴስት ይሩጥ። አንዱ የፈንክሽን ስም ቀይሮ፣ ሌላው በሌላ ፋይል የድሮውን ስም ጠርቶ ቢሆን ጊት ምንም ግጭት አያይም።

አንድ ነገር ላይ ግን ከድርና_ማግ ጋር አልስማማም። ባክኤንድና ፍሮንትኤንድ መለየት ሁልጊዜ ስህተት አይደለም። ኤፒአዩ (ሁለቱ ወገኖች ዳታ የሚለዋወጡበት ድንበር) ከረጋ፣ ለውጡም በአንድ ወገን ብቻ ከሆነ፣ ለየወገኑ የተለየ ኤጀንት ትንሽ ኮንቴክስት ይዞ በጥሩ ሁኔታ ይሰራል። ችግሩ የሚመጣው ድንበሩ ራሱ ገና እየተሰራ ሲሆን ነው።

ድርና_ማግ፦

@ሴሚኮለን ልክ ነህ፤ ኤፒአዩ የረጋ ከሆነ እስማማለሁ። የፈትል ሁኔታ ግን ያ አይመስልም፤ ቅርጹ የማይገጥመው ስላልረጋ ነው።

ፈትል፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሁለት ቀሩኝ፦ ሁሉን የሚያሳልፈው ገምጋሚ እና የቶክኑ ነገር። በስንት ኤጀንት ልጀምር?

ባዶ_መስመር፦

ገምጋሚው የሚያሳልፈው ብዙ ጊዜ የሰሪውን ማብራሪያ ስለሚቀበል ነው። «የገጽ አከፋፈሉን አስተካክያለሁ፣ ሁሉም ቴስት አልፏል» የሚል ማጠቃለያ ካነበበ በኋላ ዲፉን የሚያየው በዚያ ዓይን ነው። ሁለት ነገር ብቻ ስጡት፦ የመጀመሪያውን መስፈርትና ዲፉን። «ገምግም» አትበሉት፤ «ይህን ኮድ የሚሰብር ግብዓት ፈልግ» በሉት። ምን እንደሚፈትሽም ዘርዝሩለት፦ ባዶ ዝርዝር፣ ፈቃድ የሌለው ተጠቃሚ፣ በሉፕ ውስጥ የሚደጋገም የዳታቤዝ ጥያቄ፣ ሁለት ጥያቄ በአንድ ጊዜ ሲመጣ።

ይህን ስታደርጉ ተቃራኒው ይመጣል። ስህተት ፈልግ የተባለ ኤጀንት ባይኖርም ያገኛል፤ ሰሪው ያስተካክላል፣ ገምጋሚው ሌላ ያገኛል፣ ኮዱ በማያስፈልግ ጥንቃቄ ይታጨቃል። እያንዳንዱ ግኝት ፋይል፣ መስመርና የሚሰብረው ግብዓት ይኑረው፤ ግብዓት የሌለው ግኝት አስተያየት ተብሎ ይታለፍ። ከባድ የተባለው በሚወድቅ ቴስት ይረጋገጥ። ዙሩ ከ2 አይበልጥ፤ ከዚያ በኋላ ሰው ይይ።

ቶክኑን በተመለከተ፣ አንትሮፒክ በሰኔ ወር 2025 ስለ ምርምር ሲስተሙ ባወጣው ጽሑፍ አንድ ኤጀንት ከተራ ቻት 4 እጥፍ ያህል፣ ብዙ ኤጀንቶች ያሉት ሲስተም ደግሞ 15 እጥፍ ያህል ቶክን እንደሚፈጅ ገልጿል። እዚያው ላይ አብዛኛው የኮድ ስራ እንደ ምርምር ጎን ለጎን ለመከፋፈል እንደማይመች ተጽፏል። ስለዚህ የፈትል ፍጆታ የሚያስደነግጥ አይደለም። ዋናው ምክንያት አምስቱም ያንኑ ፋይል ከዜሮ ማንበባቸው ነው። ትዕዛዙ ውስጥ የፋይሉን ስምና የመስመር ክልል መስጠት ብቻ ብዙ ይቀንሳል። ለፍለጋ ትንሹን ሞዴል፣ ለግምገማ ትልቁን ተጠቀሙ። ሰዎች የሚያደርጉት ግን በአብዛኛው ግልባጩን ነው፤ ትልቁን ለሰሪው ይሰጡና በግምገማ ይቆጥባሉ።

በሁለት ይጀመር፦ ፈላጊና ገምጋሚ። ሁለቱም አይጽፉም፤ የሚጽፈው ዋናው ብቻ ነው። ቴስት ጸሐፊው የፎልደር ቁልፉ ከተሰራ በኋላ ሦስተኛ ይሁን።

ፈትል፦

ዕቅድ አውጪውስ?

ባዶ_መስመር፦

ይውጣ። ዕቅዱን ዋናው ኤጀንት ራሱ ያውጣና ሪፖዚተሪው ውስጥ በአንድ ፋይል ይጻፈው፦ የተቆረጡ ውሳኔዎች፣ ያለቁ ደረጃዎች፣ የቀሩ። ኮንቴክስቱ ሞልቶ ሲጨመቅ መጀመሪያ የሚጠፋው «ይህን ለምን ወሰንን» የሚለው ነው፤ ፋይል ላይ ያለው ግን አይጠፋም። ንዑስ ኤጀንቶቹ ያንብቡት፣ የሚጽፍበት ዋናው ብቻ ይሁን።