የባትሪ ምልክት አልፎ አልፎ እየበራ የሚጠፋው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። መኪናዬ ጠዋት ያለ ችግር ብትነሣም፣ ሞተሩ ሞቆ በትራፊክ መጨናነቅ ውስጥ ስሄድ የባትሪው ምልክት ይበራና የፊት መብራቱ ይደበዝዛል፤ ጥቂት ቆይቶም በራሱ ይስተካከላል። ባትሪው አዲስ ነው። ጋራዥ ስወስዳት ችግሩ ስለማይታይ ዲናሞውን (ሞተሩ ሲሠራ ባትሪውን የሚሞላውን የኤሌክትሪክ ማመንጫ) እንድቀይር ተመክሬአለሁ። ከዚያ በፊት ምን ማረጋገጥ ይገባኛል?

መልስ፦
ወንድሜ፣ ሳይለኩ ዲናሞ መቀየር ገንዘብ ማባከን ነው ብዬ አምናለሁ። ሞተሩ ጠፍቶ ለሰዓታት ከቆመ በኋላ ባትሪው 12.6 ቮልት አካባቢ፣ ሞተሩ ሲሠራ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ሊያሳይ ይገባል። ዋናው ነገር ግን ልኬቱን ችግሩ በሚከሠትበት ሁኔታ፣ ማለትም ሞተሩ ሞቆ መብራቱ በርቶ መውሰድ ነው። ከዚያም በዚሁ ሁኔታ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ የቴስተሩን (የቮልት መለኪያውን) አንድ ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ፣ ሌላውን በሞተሩ ብረት ላይ አድርገው ይለኩ፤ ከ0.2 ቮልት በላይ ካነበበ የማሳው ገመድ (የባትሪውን ኔጌቲቭ ከሞተሩ ብረት ጋር የሚያገናኘው) ላልቷል ወይም ዝጓል ማለት ነው።

ሌላ መልስ፦
ማሳው ደህና ከሆነ፣ ሞተሩ ሲሞቅ ብቻ የሚመጣ ችግር የዲናሞው ካርቦን (በውስጡ ለሚሽከረከረው ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያደርሰው፣ እየተፋቀ የሚያልቅ ቁራጭ) ማለቁን ሊያመለክት ይችላል፤ በብዙ ዲናሞዎች ላይ ካርቦኑ ብቻውን ስለሚቀየር ሙሉውን መግዛት ግድ አይሆንም። ዲናሞውን የሚያዞረውን የቺንጋውንም (የጎማ ቀበቶውን) ውጥረት ይመልከቱ። አንዳንዶች ዲናሞ ለመፈተን ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ ይነቅላሉ፤ ቮልቴጁ በድንገት አሻቅቦ በዲናሞው ውስጥ ያሉትን ዳዮዶች (ኤሌክትሪኩን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉትን ክፍሎች) እና የመኪናዋን ኮምፒዩተር ሊያቃጥል ስለሚችል፣ እባክዎ ማንም እንዲህ እንዲያደርግ አይፍቀዱ።

ጠያቂው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በተባለው መንገድ ሲለካ 0.7 ቮልት አነበበ፤ የማሳው ገመድ ከሞተሩ ጋር የሚታሰርበት ብሎን ሲፈታም የገመዱ ጫፍ በአረንጓዴ ዝገት ተሸፍኖ ተገኘ። በብርጭቆ ወረቀት ተጠርጎ ከታሰረ ወዲህ ንባቡ ከ0.1 በታች ወርዷል፤ ዲናሞውን አልቀየርኩም።