ግሎክ እንደ ስሙ ነው ወይስ ወሬው ነው የበዛው?

የአዌቱ ልጅ
ሰላም ናችሁ? ትናንት እዚህ ጅማ፣ አጂፕ አካባቢ ከአጎቴ ጋር ቡና ስንጠጣ አንድ አጃቢ ፖሊስ ወገቡ ላይ ግሎክ ሽጉጥ ታጥቆ ገባ። ጭቅጭቁ ከዚያ ተነሳ። አጎቴ የድሮ ወታደር ነው፤ ከሩሲያው ማካሮቭ ሌላ ሽጉጥ ሽጉጥ አይመስለውም። «ፕላስቲክ? ጀሪካን ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። እኔ ደግሞ በፊልም ያየሁትን ይዤ «አይከሽፍም፣ ጭቃ ውስጥ ቢወድቅም ይተኩሳል» ብዬ ተከራከርኩ፤ እውነቱን ለመናገር ግን ነክቼውም አላውቅ። ስሙ የተጋነነ ነው ወይስ ይገባዋል? ልገዛ አይደለም የምጠይቀው፤ በውስጥ መስመር «ዕቃ አለ» የምትሉኝ ተዉኝ።

ብረትና ላስቲክ
በመጀመሪያ አጎትህን የማካሮቭን እጀታ ይየው በለው። ያ ኮከብ ያለበት ቡናማ ነገር ምንድነው? ፕላስቲክ ነው 😀

ግሎክ ላይ ፕላስቲኩ እጀታውና አካሉ ነው። በርሜሉና ላይ የሚንሸራተተው ክፍል ብረት ነው፤ የሚንሸራተትባቸው ሐዲዶችም ፕላስቲኩ ውስጥ የተቀበሩ ብረቶች ናቸው። ስለዚህ ፍንዳታውን የሚችለው ብረቱ ነው። «ኤርፖርት ላይ በኤክስሬይ አይታይም» የሚባለውም ተረት ነው። እንደ ጅማ ባለ ዝናብ በማይጠፋበት አገር ደግሞ ዝገት የማያውቅ እጀታ ቀላል ነገር አይደለም።

የሚገርመው ሰውየው ነው። ጋስተን ግሎክ ከዚያ በፊት ሽጉጥ ሠርቶ አያውቅም፤ የመጋረጃ ዘንግና የወታደር ቢላዋ ነበር የሚሠራው። የኦስትሪያ ጦር ግን እ.ኤ.አ. በ1982 ነባሮቹን ፋብሪካዎች ትቶ የሱን መረጠ። ያ ሽጉጥ ግሎክ 17 የተባለውም ሰው እንደሚያወራው 17 ጥይት ስለሚይዝ ሳይሆን 17ኛው የፈጠራ መብቱ ስለሆነ ነው፤ የጥይት ካዝናው 17 መያዙ ግጥምጥሞሽ ነው። የመጀመሪያው የፕላስቲክ ሽጉጥ ግን እሱ አይደለም፤ ጀርመኖቹ በ1970 ቪፒ70ን አውጥተው ነበር፣ ገበያው አልቀናቸውም እንጂ።

ከኮሎራዶ
እኔ እዚህ በፈቃድ ግሎክ 19 አለኝ፤ አሥር ዓመት ሊሞላው ነው። አልተኩስም ብሎ የነከሰብኝ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። አንዱ ሰው ቤቱ በድጋሚ የሞላው ርካሽ ጥይት ነበር፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ሁለተኛው ባለቤቴ ስትተኩስ ነው። እጇን ለቀቅ አድርጋ ያዘችው፤ ሽጉጡ ወደ ኋላ ሲገፋ እጇም አብሮ ሄደ፣ ቀለሁ ሳይወጣ መሃል ላይ ቆመ። ቀላል ሽጉጥ ይህ ጣጣ አለው፤ ጨበጥ አድርገህ ካልያዝከው ይነክሳል።

ኩባንያው በማስታወቂያው «ፍፁም» ነኝ ይላል። ኧረ ተው! አራተኛው ትውልድ ሲወጣ የመመለሻ ስፕሪንጉ አስቸግሮ እ.ኤ.አ. በ2011 ራሳቸው በነፃ ሲቀይሩ ነበር። ከፋብሪካ የሚመጣው ማነጣጠሪያም ፕላስቲክ ነው፤ ብዙ ሰው አውልቆ ይጥለዋል። ምላጩ ደግሞ ስቴፕለር የምትጫን ነው የሚመስልህ። ግን አዎ፣ ይሠራል። ክፍሎቹ ጥቂት ናቸው፣ መለዋወጫው የትም አለ፣ የአሜሪካ ፖሊስ በብዛት ይዞታል፣ የእንግሊዝ ጦርም እ.ኤ.አ. በ2013 የድሮውን ብራውኒንግ ሽጉጥ ጥሎ ወደሱ ሄዷል። ስሙን ያተረፈው በውበቱማ አይደለም።

ጡረተኛው
ልጆች፣ ከመክሸፉ ይልቅ የማይከሽፍበትን ቀን ፍሩ።

ግሎክ በጣት የሚዘጋ ሴፍቲ የለውም። ምላጩ መሃል አንዲት ቀጭን ምላስ አለች፣ ውስጡም ሁለት መጠበቂያ አለው። ቢወድቅ በራሱ እንዳይተኩስ ነው የተሠሩት። ጣትህ ምላጩን ከሳበ ግን ሦስቱም ይለቃሉ። ሌላው ደግሞ ለጽዳት ስትፈታው ምላጩን መሳብ ግድ ነው። ካዝናውን አውጥቶ «ባዶ ነው» የሚል ሰው በርሜሉ ውስጥ አንድ ጥይት ከረሳ አለቀለት።

ይህን የምለው ስላየሁ ነው። የኛው በማካሮቭ ነበር፤ ሥራው ግን ያው ነው። ካምፕ ውስጥ አንድ ጎረምሳ ካዝናውን አውጥቶ አልጋው ላይ አስቀመጠ፣ ሽጉጡን በጨርቅ እየወለወለ ከኛ ጋር ያወራል። ጧ! ማንም አልሞተም፣ ቆርቆሮው ተበሳ። ክረምቱን ሙሉ ውሃው የሚንጠባጠበው በኔ አልጋ ላይ ነበር፤ ከሥሩ የሾርባ ድስት አስቀምጬ ነው የተኛሁት።

ደግሞም የሁለቱ ጥይት አንድ እንዳይመስላችሁ። ሁለቱም 9 ሚሊ ይባላሉ፣ የማካሮቭ ቀለሁ ግን 18 ሚሊ ሜትር ሲረዝም የግሎኩ 19 ነው፤ አይቀያየርም። ድንበር ተሻግሮ በጆንያ የሚገባው «ግሎክ» ደግሞ ጽሑፉ ግሎክ ይሁን እንጂ ውስጡ ምን እንደሆነ ማን ያውቃል? እሱን በስሙ አትመዝኑት። ያለ ፈቃድ መያዙም በአዋጅ 1177/2012 ያስጠይቃል።

የአዌቱ ልጅ
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ለአጎቴ ሁሉንም አነበብኩለት። የጣሪያው ታሪክ ላይ ራሱን ነቀነቀ፣ «እውነት ነው» አለ። የማካሮቭ እጀታ ፕላስቲክ ነው የሚለው ላይ ስደርስ ግን ዝም አለ። ሲኒውን አስቀመጠ። ቆየና «ቢሆንም ኮከብ አለበት» አለኝ።